ከሠንጠረዥ መካከል የተገኙ ሦስት ሥዕሎች



ዛሬ የምናገረው ስለ ሥዕል ነው፤ ሆኖም በአዳራሽ ግድግዳ ስለሚሰቀለው ሳይሆን፣ በጨዋታ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ በሠንጠረዥና በቁጥር መካከል ተሸጉጦ ስለሚገኘው ነው። ጨዋታው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከብበው እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ሰው ሚና ይይዛሉ፤ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የቀረው ሁሉ ቃል ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ያሉት ጥቂት ሥዕሎች ከብዛታቸው በላይ ሸክም ተጥሎባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመውን የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋን ዴቪድ ትራምፒየር ነው የሣለው። ግዙፍ የጣዖት ሐውልት ተቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች ራሱ ላይ ወጥተው የዓይኑን ዕንቁ ይፈለቅቃሉ። ከሥር የተገደሉ እንሽላሊት መሰል ፍጡራን ወድቀዋል፤ ጓደኞቻቸው ካርታ ይመለከታሉ። ልብ በሉ፤ ውጊያው አልቋል! ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ሰይፍ ሲወነጨፍ ያሳየን ነበር። ትራምፒየር ግን ሥራውን አሳየን፤ ዘረፋውን፣ ድካሙን፣ ቀጥሎ ወዴት የሚለውን ምክክር። ጨዋታው በእርግጥ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ በሐቀኝነት የተናገረ ሽፋን አላውቅም። ጀግኖቹ ሌቦች መሆናቸውንም አልሸሸገም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የዴቪድ ሰዘርላንድ «ፓላዲን በሲኦል» ይገኛል። ለእምነቱ የተማለ አንድ ተዋጊ ብቻውን በአጋንንት መካከል ይዋጋል። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው፤ አሣሣሉም ሸካራ ነው ቢባል አልከራከርም። እንዴት ወደዚያ ወረደ? ማን ላከው? መጽሐፉ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ፍሬ አፈራ፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ሞንቴ ኩክ የሥዕሉን ስም የያዘ ሙሉ የጨዋታ ታሪክ ጻፈ። ጽሑፍ ሥዕልን ሲወልድ የለመድን ሰዎች፣ እዚህ ተገላቢጦሹን እናያለን።

እኔ አብልጬ የምወደው ግን ሦስተኛውን፣ በ1979ኙ የጨዋታ መሪው መጽሐፍ ያለውን የትራምፒየር «ኤሚሪኮል» ነው። አንድ ጠንቋይ በከተማ ጎዳና ፈረሱን እያስጋለበ ከእጁ በሚወጣ ጨረር መንገደኞችን ይጥላል። አንድ ሰው ሰይፍ ይዞ ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ብቅ ብሏል። የኋለኞቹ ዘመናት ባለቀለም ሥዕሎች በጥበብ እጅ እንደሚልቁ አይካድም፤ አብዛኞቹ ግን ጀግናው ማን እንደሆነ ነግረውን ይጨርሳሉ። ኤሚሪኮል ወንጀለኛ ይሁን አሳዳጆቹን የሚሸሽ፣ ባለሰይፉም ይውጣ ወይስ ይመለስ፣ የሚወስኑት ጠረጴዛውን የከበቡት ናቸው።

ትራምፒየር እ.ኤ.አ. በ1988 «ዎርሚ» የተባለውን ተከታታይ የሥዕል ታሪኩን ከመካከል አቋርጦ ከሙያው ጠፋ። አድናቂዎቹ ሞቷል ብለው እስኪያምኑ ድረስ ዝም አለ። ከዓመታት በኋላ በኢሊኖይ ግዛት፣ በካርቦንዴል ከተማ፣ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2014ም በዚያው አረፈ። «ዎርሚ» ሳይጠናቀቅ ቀርቷል።

አሁን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በስክሪኑ ላይ እናያለን፤ ጥያቄም ካላችሁ እግረ መንገዳችንን እንወያያለን።