ዝቅ ያለውን ድምፅ ስለ መጠበቅ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የድምፅ ቀረፃ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



የምንናገረው ስለ ኮምፕረሰር ነው። ኮምፕረሰር ሲባል የአዋሽ ሰው ሁሉ የሚያስበው በጅቡቲ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋበትን የጎሚስታ መሣሪያ እንደ ሆነ እናውቃለን። የእኛው ግን አየር ሳይሆን ድምፅ የሚያምቅ፥ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠራ፥ ፕለጊን የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዚህ በዓል እንዲሆን የአንድ አፋር ሽማግሌ ቃል እዚሁ አዋሽ ቀረፅን። እኒህ አባት ያጫወቱን ስለ ዳጉ ነበር። ዳጉ፥ እንደምታውቁት፥ የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ የሚለዋወጡበት የቆየ ሥርዓት ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው አንዳንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ወደ ዋናው ነገር ሲደርሱ ግን ዝቅ ይላል። እኛም ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይሰማም ብለን ስለ ፈራን ኮምፕረሰሩን እስከ መጨረሻው አጠበቅነው።

ቅጂውን ሰመራ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን አስቀድመው እንዲሰሙልን ይዘን ሄድን። ሽማግሌውም ለዘመድ ጥየቃ በዚያው ነበሩና አብረው አዳመጡ። በትልቁ ድምፅ ማጉያ በተሰማ ጊዜ ግን አፈርን። በቃልና በቃል መካከል ነፋሱና የጄኔሬተሩ ጩኸት ብድግ ይላል፤ ቃሉ ሲጀምር ተመልሶ ይወድቃል። የሽማግሌው ትንፋሽ እንደ ወናፍ ይሰማል። እርሳቸውም ሲጨርሱ ይህ ድምፅ የእርሳቸው እንዳልሆነ፥ ዝቅ ብለው የተናገሩትም አድማጩ ወደ እርሳቸው እንዲጠጋ ብለው እንደ ነበረ በትሕትና ነገሩን። በዳጉ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማድረስ ግዴታ ነው። እኛ ግን ከቃላቸው አንዲት ፊደል ሳንነካ ነገራቸውን ለውጠነው ተገኘን። ይህ ወቀሳ እንቅልፍ ስለ ነሣን ሥራውን ከመምህራችን ጋራ ሆነን ከመጀመሪያው አጠናነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው የሚሠራውን እንናገር። ኮምፕረሰር ከፍ ያለውን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ዝቅ ያለውን ከፍ አያደርግም። በ1960 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራው የተፈጸመው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ሙላት እንደሚገታ፥ እርሱም የድምፅን ሙላት ይገታል። ሙላቱ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚወስነው ልክ ትሬሽሆልድ ይባላል። ከልኩ ያለፈው ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚያዘው ሬሾ ነው። ለምሳሌ ሬሾው 4 ለ1 ሲሆን ከልኩ በ12 ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ በ3 ዴሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል፤ 9ኙ ይቀነሳል። መሣሪያው በምን ፍጥነት እንደሚይዝ አታክ፥ በምን ፍጥነት እንደሚለቅ ሪሊስ ይወስናሉ። አታኩ እጅግ ከፈጠነ እንደ ‹በ›፥ ‹ተ›ና ‹ከ› ያሉት ፊደሎች ጉልበታቸው ይደነዝዛል። ሪሊሱ እጅግ ከፈጠነ ደግሞ በየቃሉ መካከል ያለው ጫጫታ ይነሣል።

ከቅነሳው በኋላ ድምፁን በሙሉ ከፍ የሚያደርገው ሜክአፕ ጌን ነው። ያሳሳተንም ይልቁን ይህ ነው። ጆሮ ጮኽ ያለውን ሁሉ የተሻለ አድርጎ ይቀበላል። እኛም የተጨመረውን ጩኸት እንደ ጥራት ቆጠርነው፤ ነገር ግን ከሽማግሌው ድምፅ ጋራ ነፋሱም አብሮ ከፍ ብሎ ነበር።

ስለዚህ ኦዳሲቲ በተባለው በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም እንደ ገና ሠራነው። አንደኛ፥ እጅግ ከፍ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ በእጃችን ዝቅ አደረግን። ሁለተኛ፥ የነፋሱ ጉርምርምታ ኮምፕረሰሩን በከንቱ እንዳያስነሣው ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቀነስን። ሦስተኛ፥ ሬሾውን 2 ለ1፥ አታኩን 20፥ ሪሊሱን 150 ሚሊ ሴኮንድ አድርገን ቅነሳው ከ3 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተጠነቀቅን። አራተኛ፥ የተሠራበትንና ያልተሠራበትን በአንድ ከፍታ አስተካክለን ዓይናችንን ጨፍነን እያፈራረቅን አዳመጥን። እነዚህ ቁጥሮች ለእኒህ አባት ድምፅ የተስማሙ ናቸው እንጂ ለሁሉ የሚሆኑ አይደሉም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ ማይክሮፎኑን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋትና ከጄኔሬተሩ መራቅ መሆኑን ተረድተናል።

ጥበቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ቢል ፑትናም በአሜሪካ በ1967 ያወጣው 1176 የተባለው መሣሪያ ዛሬም በፕለጊን መልክ ይሠራበታል። በአገራችን አቶ አምሐ እሸቴ በ1969 አምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ ዛሬ በእጃችን ያለው ፕሮግራም አንዱም አልነበረም፤ ሆኖም ያሳተሟቸው ሸክላዎች እስከ ዛሬ ይደመጣሉ። ከዚህ የምንማረው መሣሪያ ቢበዛ ጆሮን እንደማይተካ ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ሽማግሌው በሰሙ ጊዜ ምንም አላሉም፤ እንደ ገና እንድናሰማቸው ብቻ ጠየቁን።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ አሁን ቅጂውን እናሰማችኋለን። ወደ መጨረሻው ድምፁ ዝቅ ሲል መሣሪያው የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ እባካችሁ ጥቂት ጠጋ በሉ።