በቢስክሌት ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታና ወደ ሱሉልታ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልናገርበት ያሰብኩት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም ስለ ቢስክሌት ነው። ነገር ግን የምናገረው ልጆች በየሰፈሩ እየተከራዩ ስለሚነዱት ቢስክሌት አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፋይል ሲያገላብጥ የሚውል ሰው በእሑድ ጧት ከከተማ ወጥቶ ጎረቤት አገሩን ሊጐበኝበት ስለሚችለው ቢስክሌት ነው።

እኔ ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ የሚሉትን ስሞች ብዙ ዓመት በደብዳቤ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስለነዚህ ቦታዎች አስተያየት ሰጥቻለሁ፤ ፈርሜአለሁም። ታዲያ ከሦስቱ አንዱን እንኳ በመኪና መስኮት ካልሆነ በቀር አይቼው አላውቅም ነበር። በመኪና ያየ ሰው ደግሞ አየ ለማለት ያስቸግራል፤ ዳገቱን የወጣለት ሞተሩ ነውና። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ስማቸው በወረቀት ላይ ይዛወር እንጂ ኮረብታውና ወንዙ ከቦታው አልተነሣም።

ለጀማሪ የምመክረው የቡራዩን መንገድ ነው። በአስኮ በኩል ወጥቶ በአምቦ መንገድ ጥቂት ወደ ምዕራብ ከተጓዙ በኋላ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ለገዳዲና ድሬ ሳይሠሩ አዲስ አበባን ያጠጣ የነበረው ይህ ውሃ ነው፤ ዛሬም የበኩሉን ይሰጣል። እኔ ከዚህ ውሃ እየጠጣሁ አድጌ ምንጩን ያየሁት ጠጕሬ ሸበት ማለት ከጀመረ በኋላ መሆኑን ስናገር ኀፍረት ይሰማኛል። በጧት የደረሰ ሰው ክንፏ ሰማያዊ የሆነውን የደጋ ዝይ በውሃው ዳር ስትግጥ ሊያያት ይችላል። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ የዓለም ክፍል አትገኝም።

መጀመሪያ በሄድኩበት ቀን ጎማዬ የተነፈሰው እዚያው ነበር። መለጠፊያና ማስቲሽ ይዤአለሁ፤ መንፊያውን ግን ቤቴ ረስቼዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆመው አዩኝ። እኔም ከአንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ የተማርኳትን ብቸኛ ቃል አውጥቼ «አካም ቡልተን» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። በኦሮምኛ ብዙ ነገር መለሱልኝ፤ እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁትም። ሁኔታዬን ባዩ ጊዜ ወደ አማርኛ መለሱትና «ልጄ፣ ሰላምታውን ታውቀዋለህ፤ ጨዋታውን ግን አልተማርክም» ብለው ሳቁብኝ። ልጃቸውን ልከው ከጎረቤት መንፊያ አስመጡልኝ። ጎማው እስኪነፋ ድረስም የግጦሽ መሬታቸው ወዴት ወዴት እንደ ነበረ በዱላቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። አሁን አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል። እንዲህ ያለውን ቦታ እኛ በወረቀት ላይ «ክፍት ቦታ» እያልን ስንጽፈው ኖረናል። የዚያን ዕለት ሰኞ ቢሮዬ ገብቼ ያንን ቃል በአንድ ደብዳቤ ላይ ሳገኘው እጄ ጥቂት ዘገየች።

ጉልበት ያለው ሰው ከገፈርሳ አልፎ ወደ ሆለታ፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ አዲስ ዓለም ሊዘልቅ ይችላል። ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ነበር። በመካከሉ ባሕር ዛፍ ደረሰና ከተማው ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሳይ፣ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች መሆናችንን ለዚህ ዛፍ ባለዕዳ ነን እላለሁ። ገበሬው መሬቱን ያደርቃል እያለ ማማረሩም እውነት አለው።

የሰበታ መንገድ በጅማ በር ወጥቶ በዓለም ገና በኩል ያልፋል። እውነቱን ለመናገር እስከ ሰበታ ድረስ ያለው ጎዳና ለቢስክሌት ደስ አያሰኝም፤ የጭነት መኪናና የፋብሪካ ብዛት ነው። ከተማው ግን በብዙ ነገር የታወቀ ነው። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በዚያ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አዲሱ የባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚያ ነው። ቢስክሌተኛው የሚፈልገው ከከተማው በላይ ያለውን ነው። በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ከወፍ ዋሻ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይተረካል። ትረካው እንዳለ ይሁንና፣ ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውንና ኮሶውን ግን በዐይን ማየት ይቻላል። የምኒልክ ድኩላም ዕድል ከቀናችሁ ብቅ ይላል። ወደ ደኑ የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች ስለ ሆነ ቀጭን ጎማ ያለው ሰው ወርዶ መግፋት አለበት። እኔ ሁልጊዜ ወርጄ ነው የምገፋው።

ከዓለም ገና በግራ በኩል የሚታጠፈው የቡታጅራ መንገድ ደግሞ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ መልካ ቁንጥሬ ያደርሳል። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ስፍራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደርሶ መመለሱ ለአንድ ቀን ከባድ ነውና የለመደ ሰው ብቻ ይሞክረው።

ወደ ሱሉልታ እመለሳለሁ። ይህን መንገድ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ስለ እርሱ ስናገር ግን እጠነቀቃለሁ። ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ዳገቱ ባለቀበት ቦታ ላይ ቆሞ ማሰብ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የወረደው ዝናም አቃቂ ገብቶ ከአዋሽ ጋር ወደ በረሃ ሄዶ ይቀራል፤ ወደ ሰሜን የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ዐባይ ይገባል። አንዱ ጠብታ አፋር፣ አንዱ ግብፅ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያምም በዚሁ ተራራ ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ናት። ከተራራው ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሽ ይታጨድበታል። ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ ትራክ ያሠራው በዚህ አገር ነው። ሯጮቹ ለቢስክሌተኛ እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ደግሞም ዳገት ላይ ቀድመውን ያልፋሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ወትውቼ ወደ ሱሉልታ ወሰድኩት። ሄደን፣ በልተን፣ ተመለስን። ቍልቍለቱ ከመጀመሩ በፊት የኋላ ፍሬኑ ላስቲክ ማለቁን አይቼ ነበር። ምሳ ቤቴ እንግዶች ይጠብቁኝ ስለ ነበር «ቀስ ብለህ ውረድ» ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቀስ ሲል እርሱ ሊቆም አልቻለም፤ ከመንገድ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ጭኑ ተሰብሮ ስድስት ወር ተኛ። ሊጠይቁት በሄድኩ ቍጥር ባለቤቱ ቡና አፍልተው ይሰጡኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ በወደድኩ።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን፣ ካቴናውንና ጎማውን መርምሩ። የራስ ቍር አድርጉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ የጭነት መኪናው ሳይበዛ ተመለሱ፤ የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቀብር ሰልፍ ሲያጋጥማችሁ ወርዳችሁ ቁሙ።

አገራችን በቢስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልበርን ኦሎምፒክ ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ ኦሎምፒከኞቻችን መካከል እነገረመው ደንቦባ ቢስክሌተኞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኗል። እኛ ግን ከማንም ጋር እሽቅድምድም የለንም።

ያ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ቢስክሌቱን አሳድሶ እንደገና መንዳት ጀምሯል። ወደ ሱሉልታ እንሂድ አላልኩትም፤ እርሱም አላነሣብኝም። እሑድ እሑድ እስከ ገፈርሳ ድረስ አብረን ሄደን ውሃው ዳር እንቀመጣለን። የሁለታችንንም ፍሬን ከመነሣታችን በፊት የሚመረምረው እርሱ ነው።

እንደምን እደሩ።