ስልክህ ሲመሰክርብህ መስቀለኛ ጥያቄ ማን ያቀርብለታል?

(በአምበር ከተማ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ልናገር ስነሣ «ይሄ ለአዲስ አበቤ እንጂ ለእኛ ምን ይበጀናል?» የሚል አይጠፋም። ስልክ ያልያዘ እጁን ያውጣ ብል ግን ስንት እጅ ይነሣል? ስልክ የያዘ ሁሉ ምስክር በኪሱ ይዞ ይዞራል። ያ ምስክር ችሎት ሲቆም አይምልም፣ አያልበውም፣ አይደነግጥም።

የእኛ ሰው በመሬት ክርክር የወረቀትን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የይዞታ ደብተር ሲቀርብበት ፍቀት አለው ወይ፣ ማኅተሙ የማን ነው፣ አሻራው የሟች ነው ወይ እያለ ዓመት ይሟገታል። ስልክ ሲቀርብበት ግን ዝም! «ከስልኩ ተገኘ» ከተባለ አለቀ ደቀቀ።

ወገኖቼ፣ የስልክ ፍቀት በዐይን አይታይም። መርማሪው አንዳች ክፋት ሳያስብ ስልኩን ከፍቶ ሲያገላብጥ ቢያመሽ እንኳ ያልተነበበው መልእክት «ተነበበ» ይባላል፣ አዲስ መልእክት ይገባል፣ አሮጌው ሊደመሰስ ይችላል። ክፋት ሲጨመርበትማ ምኑ ቅጡ!

ስለዚህ ሙያውን የሚያውቁት እንዲህ ያደርጋሉ። የተያዘውን ስልክ ማንም ከሩቅ እንዳይደመስሰው ከኔትወርክ ይለዩታል፤ አሽገው ይፈርሙበታል። ከኮምፒዩተር ሲሆን ደግሞ በላዩ መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ ሙሉ ቅጂ አውጥተው፣ ዋናውን ሳይነካኩ በቅጂው ላይ ይሠራሉ። ቀጥሎ «ሃሽ» የሚባለውን ቁጥር ያሰላሉ። ሃሽ የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት። በሺህ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትጨመር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ማስረጃው በተያዘ ጊዜ የተመዘገበው ሃሽ በችሎት ቀን ከሚሰላው ካልገጠመ በመሀል የተነካ ነገር አለ ማለት ነው። ለማስላት ደግሞ ተራ ኮምፒዩተርና በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይበቃል።

ርክክቡስ? ጤፍ ከአውድማ ሲነሣ ስንት ቁና እንደተሰፈረ፣ ማን እንደጫነው፣ ጎተራው ላይ ማን እንደተረከበው ካልታወቀ፣ «ጎደለ» ብትሉ ማንን ትይዛላችሁ? ስልክም እንደዚያው ነው። ማን ያዘው? ለማን አስረከበ? ሌሊቱን የት አደረ? የመዝገቡ ቀለበት አንድ ቦታ ከተበጠሰ ጠበቃው እዚያው ላይ ይቁም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 23 የስለላ ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ባይገለጥም ማስረጃ ይሆናል አለ። ኤሌክትሮኒክ ማስረጃም በዚያው አንቀጽ ሥር ተደረደረ። ከየት መጣህ የማይባል ምስክር! በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማሪያንና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ከክሱ ዝርዝር ውስጥ ምን ተገኘ? መረጃን ከስለላ መጠበቅ የሚያስተምረውን «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ ሥልጠና መውሰድ። በሩን ቆልፏልና ሌባ ነው እንደማለት! አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ በቀሩት ላይ የነበረውን የሽብር ክስ ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ውድቅ አደረገው። እስከዚያው ግን የወጣትነት ዕድሜያቸው በእስር ቤት ተበላ።

ሌላም አለ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ስሙን ደብቆ «ኪዳኔ» ተብሎ፣ የኢትዮጵያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በኢሜይል የመጣ የዎርድ ሰነድ ሲከፍት «ፊንስፓይ» የሚባል ሰላይ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ እንደነበር፣ ኮምፒዩተሩን የመረመሩት ባለሙያዎች ከቀረው ዱካ አገኙ። ሰላዩም በዲጂታል ምርመራ ይያዛል ማለት ነው! ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ክሱን የዘጋው ዱካው ሐሰት ነው ብሎ ሳይሆን፣ የውጭ መንግሥት በዚህ መንገድ አሜሪካ ውስጥ አይከሰስም ብሎ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከእነዚህ ሰላይ ፕሮግራሞች መካከል ፋይል ከማውጣት አልፈው የሚያስገቡም አሉ። እንግዲህ ኮምፒዩተርህ ላይ ተገኘ የተባለውን ሰነድ አንተ ጻፍከው ወይስ እንግዳው አስቀመጠልህ?

አዋጅ 652 በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 34 እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ትክክለኛነቱን የማረጋገጥ ግዴታ ይጥልበታል። ጥሩ! አንቀጽ 37 ግን ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሩን ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ተከሳሹ ሊያዞር ይችላል ይላል። ላቦራቶሪ የሌለው ገበሬ ይህን ሸክም በምን ትከሻው ይሸከም? በእጁ ያለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው፤ ተከሳሽ የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የመመልከት መብት አለው።

ስለዚህ ልጃችሁ ተይዞ ስልኩ ማስረጃ ሆነ ሲባል ጠበቃው የታተመውን ወረቀት ብቻ ተቀብሎ አይውጣ። ቅጂውን፣ ሃሹን፣ የርክክቡን መዝገብ፣ ስልኩን የከፈተውን ባለሙያ ስምና የከፈተበትን ሰዓት ይጠይቅ። «የለም» ከተባለ «የለም» መባሉን በመዝገብ ያስጽፍ፤ ለይግባኝ ይሆነዋል።

ከፊት የተቀመጡት አባት እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ይጠይቁ አባቴ።