የሦስት ወር ደሞዜን የበላች ቃል

(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር)

እህቶቼ፣ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያገኛችሁም፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብላችሁ ለአንድ ሰዓት ብቅ ያላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። መውጣት ላልቻሉት ይሄ ንግግር በወረቀት ይደርሳቸዋል ተብሏል፤ ስለዚህ እነሱንም እዚህ እንደተቀመጡ ቆጥሬ ነው የማወራው።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ከአስረኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ስለ እንግሊዝኛ ቃል አያያዝ ተናገሪ ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን አንድ ቃል ስንት እንዳስከፈለችኝ አስታወስኩና እሺ አልኩ።

የመጀመሪያ ቤቴ ሁለት ዓመት ከምናምን ሠራሁ። ስወጣ የሦስት ወር ደሞዜ አልተከፈለኝም ነበር። በመጨረሻው ቀን የማዳም ልጅ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት አምጥቶ "ፈርሚ" አለኝ። ማንበብማ አነበብኩት። ትልልቆቹን ቃላት እየዘለልኩ የማውቀውን ፈለግኩ። "ዌይቭ" የምትል አገኘሁ። እሷን አውቃታለሁ፣ ትምህርት ቤት ተምሬያታለሁ፤ እጅ ማውለብለብ ማለት ናት። አጻጻፏ ትንሽ የተለየ መሰለኝ፤ የተሳሳቱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። "የስንብት ወረቀት ነው፣ ቻው እያሉኝ ነው" ብዬ ፈረምኩ።

ከፈረምኩ በኋላ "ደሞዜስ?" ብል ወረቀቱን አሳየኝ። ለካ ቃሏ ሌላ ናት። አነባበቧ አንድ ነው፣ ፊደሏ ግን መሃል ላይ "አይ" የሚባለው ገብቶባታል። ትርጉሟ መብትን በገዛ ፈቃድ መተው ነው። የቀረኝን ገንዘብ ሁሉ ትቻለሁ ብዬ በራሴ እጅ ፈረምኩላቸው ማለት ነው። ጠበቃ ያለው ሰው ይከራከር ይሆናል። እኔ ጠበቃም፣ ማደሪያም አልነበረኝም። ያ ገንዘብ እስከዛሬ በእጄ አልገባም።

ስለዚህ እንግሊዝኛ የምንማረው ለመራቀቅ አይደለም። "ኩክ"፣ "ክሊን"፣ "ቱሞሮው" የሚሉትን ሥራው ራሱ ያስተምረናል። የሚጎዱን ከበድ ያሉት ቃላት ናቸው፤ ውል ላይ፣ ደረሰኝ ላይ፣ ፈርሚ በሚሉን ወረቀት ላይ የሚቀመጡት። እነሱን በየቀኑ አንሰማቸውም፤ ስለዚህ በዘዴ ነው የሚያዙት።

አንደኛው ዘዴ ቃሉን ከአማርኛ ድምፅ ጋር ማጋባት ነው። እሁድ እሁድ በፈቃዷ የምታስተምረን መምህርት እንደነገረችን፣ አትኪንሰንና ሮው የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1975 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 120 የሩሲያ ቃላትን በዚህ መንገድ ለተማሪዎች አስተማሩ። በዘዴው የተማሩት ከመቶ 72 ያህሉን አስታወሱ፤ ያለ ዘዴው የተማሩት 46 ያህሉን። እኛም እንችላለን። እስቲ የኔን ልንገራችሁ።

"ዲዳክት"፦ ከደሞዝ ላይ መቀነስ፣ መቁረጥ። እኔ የምይዘው "ዲዳ" እና "ክት" ብዬ ነው። አንድ ዲዳ ሰው ሻንጣዬን ከፍቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ የክት ልብሴን አንድ በአንድ ሲያወጣ ይታየኛል። ደሞዝ ሲቆረጥ እንደዚያ አይደል፣ ማንም ምንም አይልሽም፣ በቃ ጎድሎ ታገኚዋለሽ።

"ኮንሰንት"፦ ፈቃድ፣ መስማማት። ውስጡ "ስንት" አለ። ስንት ብዬ ሳልጠይቅ አልስማማም።

"ኮንፊስኬት"፦ ዕቃን በኃይል ወስዶ መያዝ። እኔ "ፌስታል" አልኩት። ስልኬንና ፓስፖርቴን ፌስታል ውስጥ ከተው ቁምሳጥን ሲቆልፉበት ይታየኛል። መምህርታችን ይሄን ስትሰማ በጣም ሳቀች። ለካ ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ መነሻው ቅርጫት፣ የገንዘብ መያዣ ማለት ነው። ሳላውቅ ዘመዱ ጋ ደርሻለሁ።

"ግሪቫንስ"፦ ቅሬታ፣ አቤቱታ። "ግራ" ብላችሁ ያዙት፤ ግራ የገባት ሰው የምታቀርበው።

ያችን የኔን ጉደኛ ቃል ደግሞ በፊደሏ ነው የያዝኳት። ስትጻፍ መጀመሪያዋ "ዋይ" ይመስላል። ዋይ ዋይ የምታሰኝ ናት አልኩ። ከዚያ ወዲህ ረስቻት አላውቅም።

ሥዕሉ አስቂኝ ወይም አናዳጅ ሲሆን ይሻላል። ለእኔ የሠራው ለሌላዋ ላይሠራ ይችላል፤ ኦሮምኛ ወይ ትግርኛ የሚቀናት በራሷ ቋንቋ ታጋባው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ዘዴው ትርጉሙን ያስታውሳል እንጂ አነባበቡን አያስተምርም። "ዲዳክት" ፈረንጁ ሲለው "ዲደክት" ነው። አነባበቡን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛው ዘዴ ቃላትን በቤተሰብ መያዝ ነው። "ፖርት" በላቲን መሸከም ነው። "ኢምፖርት" ወደ ውስጥ መሸከም፣ "ኤክስፖርት" ወደ ውጭ፣ "ትራንስፖርት" ከአንዱ ወደ ሌላው። "ዲፖርት"ስ? ተሸክሞ ማራቅ፣ ከአገር ማስወጣት። "ተርሚኔት" ማለት ውልን ማቋረጥ ነው፤ የአውቶቡስ "ተርሚናል" ወንድሙ ነው፣ መጨረሻው ማለት ነው። "ኦብሊጌሽን" ግዴታ ነው፤ ሥሩ ማሰር ማለት ነው። የእግር ኳስ "ሊግ"ም ከዚያው ሥር የመጣ ነው፣ ቡድኖቹ የተሳሰሩበት።

የምወዳት ቃል "ሪፓትሪዬሽን" ናት። "ሪ" መመለስ ነው። መሃሉን ተመልከቱት፤ "ፓትርያርክ" የሚለውን ስንሰማ ያደግነው አይደል? ውስጡ አባት አለ። ወደ አባቶችሽ አገር መመለስ ማለት ነው። ይሄን ያህል ረጅም ቃል ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲፈቱት ግን አገር ቤት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ቃሉን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሲሞኒደስ ስለሚባል የጥንት ግሪክ ገጣሚ የሚተርኩት ነገር አለ። ግብዣ ላይ ነበር፤ ውጭ ወጣ ሲል አዳራሹ ፈረሰ። የሞቱትን መለየት አልተቻለም። እሱ ግን ማን የት ተቀምጦ እንደነበር እያስታወሰ ለየላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ማስታወስ የሚፈልጉትን በሚያውቁት ቤት ውስጥ በሐሳብ እያስቀመጡ ይይዛሉ።

እንግዲህ እህቶቼ፣ የሰውን ቤት ከኛ የበለጠ በልቡ የሚያውቅ ማን አለ? የትኛው ጥግ አቧራ እንደሚይዝ ከባለቤቱ በላይ እናውቃለን። እኔ በር ላይ "ስንት?" የሚል ዘበኛ አቁሜያለሁ፤ ኮንሰንት ነው። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ሊጉ አለ፤ ኦብሊጌሽን። ወጥ ቤት ፍሪጁ ጋ ዲዳው ቆሟል። ልብስ ማጠቢያው ላይ ፌስታሉ ተንጠልጥሏል። ሊፍቱ ውስጥ እጇን እያውለበለበች ዋይ ዋይ የምትል ሴት አለች። ጠዋት ስጠርግ በየቦታው ስደርስ ቃሉን እላለሁ። መጥረጊያውን ይዤ ትምህርት ቤት ነኝ። በረንዳውን ግን አልጠቀምበትም። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አራተኛው መድገም ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በራሱ ላይ ፈትኖ በ1885 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንደጻፈው፣ ሰው ያጠናውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬ የያዛችሁትን ነገ ድገሙት፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ። የአገራችን የቆሎ ተማሪ ዳዊቱን፣ የቁርኣን ቤት ልጅም ሱራውን በቃሉ የሚይዘው ድምፁን አውጥቶ እየደጋገመ ነው። አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም።

እኔ ባዶ የሻይ ካርቶን በሦስት ከፍዬ ተጠቀምኩ። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ፊት ቃሉን፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙን ጻፍኩ። ካወቅኩት ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፣ ከተሳሳትኩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በሦስት ቀን፣ ሦስተኛውን በሳምንት አየዋለሁ። ለዛሬ የሚደገሙት ሽርጤ ኪስ ውስጥ ናቸው። ድስቱ እስኪፈላ ሁለት ሦስት ቃል ይደገማል። በቀን አምስት ቃል ብቻ ያዙ። ሃያ ልያዝ ያለች በሳምንቷ ትተወዋለች፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ሆኜ ነው የማውቀው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ቃል ማወቅ ብቻውን ከሰው ክፋት አያድንም፣ ይሄን አልዋሽም። በ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የቤት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቁጥሩ 189 ነው፣ የሥራው ሁኔታ በሚገባን መንገድ እንዲነገረን፣ ፓስፖርታችንም በእጃችን እንዲሆን ይላል። ያለንበት አገር ግን አላጸደቀውም። ቢሆንም ማወቅ ቢያንስ እጅሽን ያዘገየዋል። እስክሪብቶውን ከማንሳትሽ በፊት ልትይው የምትችዪውን ሁለት ዐረፍተ ነገር ዛሬ አብረን እንበል፦ "አይ ኒድ ታይም ቱ ሪድ።" ለማንበብ ጊዜ እፈልጋለሁ። "ካን አይ ሃቭ ኤ ኮፒ?" ኮፒ ይሰጠኝ። በለሆሳስ፣ በፈገግታ መባል ይችላል። የሚያስፈራ ቤት ያለሽ ግን ብቻሽን አትጋፈጪ፤ ከቻልሽ ፎቶ አንስተሽ ለኛ ላኪልን።

አሁን ያለሁበት ቤት ስገባ ወረቀት ሰጡኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አራተኛው መስመር ላይ ዲዳው ቆሟል። ልቤ ድው ድው አለ። "ሚስተር፣ ይሄ ዲዳክት የሚለው የምንድን ነው?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። የአውሮፕላን ትኬት ነው አለ። "ትኬቱ በናንተ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት" አልኩ። ትንሽ ዝም አለና መስመሩን በእስክሪብቶ ሰረዘው፤ ጎኑ ላይም ፈረመበት። ከዚያ እኔ ፈረምኩ።

የድሮው ሦስት ወር አልተመለሰም። ግን ያን ቀን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያለቀስኩት የንዴት ልቅሶ አልነበረም።

ለሚቀጥለው እሁድ እያንዳንዳችሁ ውላችሁ ላይ ያልገባችሁን አንድ ቃል በወረቀት ገልብጣችሁ አምጡ። ውሉ በእጇ የሌለ፣ ከሰማችው አንድ ቃል ትበቃለች። ቡናው እስኪደርስ አብረን አማርኛ እናጋባዋለን።