ስለ ሩጫ ልምምድና ስለ ጡንቻ ሕመም የተደረገ ንግግር



ሩጫ ያልለመድን ተማሪዎች ተሰብስበን በሳምንት ሦስት ቀን በጃንሜዳ የጀመርነው የ9 ሳምንት ልምምድ ሊፈጸም አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በመጀመሪያው ቀን 1 ደቂቃ ሮጠን ትንፋሽ ያጠረን ሰዎች፣ ዛሬ 28 ደቂቃ ሳናቋርጥ እንሮጣለን። ነገር ግን ባታችንና ጭናችን ታሟል፤ ደረጃ ስንወርድም ግድግዳ እንደገፋለን።

ይህ ሕመም ከሩጫው በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያም ይለቃል። በጡንቻ ውስጥ የቀረ አሲድ ያመጣው ይመስለን ነበር፤ አሲዱ ግን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ምክንያቱ ሥራ ያልለመደ ጡንቻ በጥቂቱ መጎዳቱ ነው፤ ሲያገግምም ይጠነክራል። ስለዚህ የሚበጀው ቀስ ብሎ መራመድ፣ በቂ እንቅልፍና በየመካከሉ አንድ ቀን ማረፍ ነው።

ሌላ ዓይነት ሕመም ግን አለ፤ ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ በተሮጠ ቁጥር የሚብስ። ይህ ሲሰማ ሩጫውን አቁሞ ሐኪም ማየት ይገባል። ከመካከላችን አንዱ «ሰነፍ ይሉኛል» ብሎ ሁለት ሳምንት ደበቀን፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ጥፋቱም የእርሱ አይደለም፤ ባረፉት ላይ ስናፌዝ የነበርነው እኛው ነን።

እንግዲህ በመጨረሻው ሳምንት ወደ ኋላ የሚቀር ቢኖር አንሳቅበት። 9ኙ ሳምንት 11 ቢሆን ከማናችንም ላይ የሚጎድል ነገር የለም።