የተጻፈም ይረሳል

(በደብረ ታቦር በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እየተባልን አድገናል። እኔም ነገር አንዴ ከተጻፈ በኋላ የሚጠፋ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ይህ እምነቴ እንዴት እንደተናጋ ለመናገርና በአንድ ሥራ እንድታግዙኝ ለመለመን ነው። ሥራውም የቀድሞ ኮምፒዩተሮችን የአጠቃቀም መመሪያና የአማርኛ ፊደል ሠንጠረዥ መሰብሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በዚህ አውራጃ እየተዘዋወሩ የመንደሩን፣ የምንጩንና የኮረብታውን ስም ከነታሪኩ ከሽማግሌዎች ጠይቀው በኮምፒዩተር አስጽፈው ነበር። ወረቀቱ ጠፋ፤ ዲስኬቱ ብቻ ቀረ። የነገሯቸውም ሽማግሌዎች አልፈዋል። ዲስኬቱን የሚያነብ መሣሪያ ከብዙ ልፋት በኋላ አገኘሁና ፋይሉን ከፈትሁት። በማሳያው ላይ የወጣው ግን አማርኛ ሳይሆን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነበር።

ምክንያቱን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያ ጊዜ በአንድ ፎንት ውስጥ የሚገኘው የቁጥር ስፍራ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ የእንግሊዝኛው ፊደልና ምልክትም ከዚሁ ላይ ድርሻውን ይወስዳል። የእኛ 33 ፊደላት ደግሞ በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ 20ዎቹ አኃዞችና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ስፍራው አይበቃም። ስለዚህ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ኢትዮጵያውያን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብልሃት፣ አንዳንዶቹም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለው አበጁት። ሙያቸው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ቁጥር ከሌላው አይስማማም። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ በዓለም ላይ የታወቀ አንድ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ፎንቱ ወይም ሠንጠረዡ ከሌለ የተቆለፈ ሳጥን ነው።

ቁልፉን ፍለጋ ጽሑፉን ወደ መቱት እናት ቤት ሄድሁ። እርሳቸውም የሳጥናቸውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ የተለጠፈ አንድ ወረቀት አሳዩኝ፤ የፊደል ሠንጠረዡ የመጀመሪያ ገጽ ነበር። «ሁለተኛውስ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይፈለጋል ብሎ ማን አሰበ! እሳት አቀጣጥዬበት ይሆናል» አሉኝ።

የተገኘው ገጽ ከ«ሀ» እስከ «አ» ያለውን ይዟል፤ ከ«ከ» እስከ «ፐ» ያለው የለም። በዚሁ ማንበብ ጀመርን። እብናትና እስቴ ሙሉ ሆነው ወጡ፤ የርብ ወንዝም እንዲሁ። ስማዳ ግን «ስማ» ሆና ቀረች። የጉና ተራራ «ና» ብቻ ነው። ከጋፋት የተረፈችው «ት» ናት። ይህች ከተማችንም ራሷን አጥታ «ብረ ታቦር» ተብላ ተገኘች። እነዚህን ስለምናውቃቸው በግምት ሞላናቸው። ማንም የማያውቃትን የአንዲት ትንሽ ምንጭ ስም ግን በምን እንሞላዋለን?

አንዳንድ ጓደኞቼ «አዲስ ማሽን ሞልቶ ሳለ አሮጌ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። በውጭ አገር የዚህ ዓይነት ወረቀት በክብር ይጠበቃል። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው አፕል 1 የተሠራው 200 ያህል ብቻ ስለሆነ ማሽኑም መመሪያውም ብርቅ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲም የቴክኒክ መጽሐፍ ነበረው፤ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ንድፍና ባዮስ የተባለውን የመነሻ ፕሮግራም ጽሑፍ ይዟል። መጽሐፉ በብዙ ሰው እጅ ስለቆየ ማሽኑን ዛሬም የሚጠግን አይታጣም። የእኛ ሠንጠረዥ ግን በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ መስተዋት ሥር የሚገባ አንድ ሁለት ቅጠል ነው። እኛ ካላነሣነው ሌላ የሚያነሣው የለም።

የጋፋትን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በአጠገባችን ያሠሩት ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ዛሬም አለ። አሠራሩን ግን አብዛኛውን የምናነበው የውጭ አገር ሰዎች ከጻፉት ነው። ዕቃው ቀረ፤ የዕውቀቱ ጽሑፍ ከእኛ እጅ አልተገኘም። ይህ ስሕተት በእኛም ዘመን ሊደገም አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶችን፣ በጽሕፈት ሥራ የኖሩትንም እናቶችና አባቶች ጠይቁ፤ መሳቢያና ሳጥን አስከፍቱ። ሁለተኛ፣ ያገኛችሁትን ሳትቆርጡና ሳታጥፉ ፎቶ አንሡ፤ የማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ማሽንና ፕሮግራም እንደተሠራበት፣ ዘመኑንም ጨምራችሁ ጻፉ፤ ዋናውን ባለቤቱ ካልሰጣችሁ መልሱለት። ሦስተኛ፣ መምህራን ሆይ፣ በቤተ መጻሕፍታችን አንዲት መደርደሪያ ለዚህ ሥራ እንድትፈቅዱልን እንለምናለን፤ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም።

መምህሩ አሁንም በሕይወት አሉ። ባየኋቸው ቁጥር «ስንት ደረሳችሁ?» ይሉኛል፤ እኔም «ግማሽ» እላቸዋለሁ። ከዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል የአንዳችን እናት ወይም አክስት ያን ሁለተኛ ገጽ ይዛው ይሆናል። እንግዲህ የደብረ ታቦርን «ደ» አብረን እንፈልጋት።