ጄኔራሉ «እምቢ» አሉ፤ እኛ ግን ዝም አልን!

(በቀድሞ መኮንኖች መሰባሰቢያ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ስለ ጀግንነት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና እኔ የምናገረው ስለ ዝምታ ነው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እኔ ማዕረጉ ገና ትከሻዬን ያልለመደው ምክትል መቶ አለቃ ነበርኩ። በመኮንኖች ክበብ ቁርስ ላይ ሳለን ራዲዮው የሌሊቱን መርዶ አወጀ። ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በገዛ ቤታቸው በተኩስ ተገድለዋል። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። ማንም ቀና አላለም። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እኔስ ምን አልኩ? «ዳቦውን አቀብለኝ» አልኩ። ወገኖቼ፣ ያቺ «ዳቦውን አቀብለኝ» እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች!

ለመሆኑ አማን ማን ነበሩ? ከኤርትራውያን ወላጆች በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ተወለዱ። ውትድርናውን ከታች ጀምረው እስከ ጄኔራልነት ደረሱ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በድንበር ግጭት ስንገባ ሐረር የነበረውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ወታደሩ «የበረሃው አንበሳ» አላቸው። ነገር ግን ወንበር ጀግናን ከሩቅ ነው የሚወደው። ከጦሩ ተነስተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። ሹመት ይመስላል፤ ግዞት ነበር።

በ1966 ክረምት ዘመን ተገለበጠ። ደርግ የተባለው ስብስብ ከሻለቃ የማይበልጥ ማዕረግ ባላቸው መኮንኖች፣ በባለሌላ ማዕረጎችና በተራ ወታደሮች የተሞላ ነበር። ጠመንጃ ነበረው፤ ስም አልነበረውም። ስም ያላቸው አማን ነበሩ። ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወርዱ ደግሞ የጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት ሊቀ መንበር ተባሉ። እንግዲህ ሳይቆይ ጉዱ መጣ! ስማቸውን የፈለጉት ሰዎች ሐሳባቸውን አልፈለጉትም።

ጠቡ በምን ነበር? አንደኛ፣ በኤርትራ ጉዳይ። አማን አስመራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ነገሩ በንግግር ይለቅ አሉ። ደርግ 5,000 ተጨማሪ ጦር ይዝመት አለ። ሁለተኛ፣ በታሰሩት ባለሥልጣናት ጉዳይ። አማን ያለ ፍርድ መግደልን ተቃወሙ። ሦስተኛው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ እሳቸው በእውነት ሊመሩ ፈለጉ፣ ደርግ ግን ማኅተም ብቻ እንዲሆኑለት ፈለገ። እንከን አልነበረባቸውም አልልም። ጦር ማዘዝና አገር መምራት አንድ አይደለም፤ በኮሚቴ ጉባዔ ላይ እንደ ክፍለ ጦር አዛዥ መቆም ብዙ ጠላት ያፈራል። ይሁንና በዚያ ጉባዔ «እምቢ» ማለት ራስን ለጥይት ማቅረብ እንደሆነ አላጡትም። ሥልጣኑን ጥለው ቤታቸው ገቡ። ኅዳር 14 ሌሊት ሊይዟቸው ሲመጡ እጅ አልሰጡም።

ከዚያስ? በቦታቸው ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተቀመጡ። ጥር 1969 ዓ.ም. እሳቸውም ተገደሉ። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ተራው የሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ሆነ። ግንቦት 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉን ያስገደለው ሰው ጦሩን ሜዳ ላይ በትኖ ሸሸ። እሳት ካየው ምን ለየው እንደሚባለው፣ ያ ሁሉ መኮንን በጓዱ ሞት ዝም ባለ ቁጥር የራሱን ሞት ይፈርም ነበር። እኔ የተረፍኩት በብልኅነት አይደለም፤ ትንሽ ስለነበርኩ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወጣቶች ልምጣ። በአገር ደኅንነት ሥራ የሚሰማራ ሰው ሁለት ጌታ ይገጥመዋል፤ አገርና ወንበር። ወንበሩ ሁልጊዜ «እኔ ነኝ አገሩ» ይላችኋል። ማዕረግ ይሰጣችኋል፣ ቤት ይሰጣችኋል፣ ቀጥሎም ፊርማችሁን ይጠይቃል። ያን ቀን መሐላችሁን መልሳችሁ አንብቡት። የማላችሁት ለማን ነው?

እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ዕዳ ቀርቶናል። ያየነውን እንናገር። መቃብር ይዘነው ከገባን ልጆቻችን እኛ ከወደቅንበት ጉድጓድ ይወድቃሉ። እኔ ይኸው ከ50 ዓመት በኋላ ጀመርኩ። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ። ያ ሻይ ሲያማስል የነበረው ጓደኛዬ ግን ዛሬ ከመካከላችን የለም፤ የሚለውን ሳይል ሄደ።